ምላስ ለምን ይሰናከላል? የእንግሊዝኛ ምላስ አሰናካይ ሐረጎች ትርጉም፣ አመጣጥና አነባበብ

መግቢያ

«ምላስ አጥንት የለውም፤ አጥንት ግን ይሰብራል» ይላሉ አበው። የምሳሌው የመጀመሪያ አጋማሽ በሥነ ሕይወት ረገድም ትክክል ነው። ምላስ በስምንት ዓይነት ጡንቻዎች የተገነባና አንዳች አጥንት በውስጡ የሌለው አካል ነው። እንደ ዝሆን ኩምቢና እንደ ኦክቶፐስ ክንድ ይዘቱ ሳይለወጥ ቅርጹን ብቻ ይለዋውጣል፤ በአንድ በኩል ሲጨመቅ በሌላ በኩል ይረዝማል ወይም ይወፍራል። በዚህ ችሎታው አማካይነት አንድ ሰው በተለመደው ንግግሩ በሰከንድ ከ10 እስከ 15 የሚደርሱ ድምፆችን ያለ አንዳች ጭንቀት ያፈልቃል።

ይህ ድንቅ አካል ግን አንዳንድ ጊዜ ሦስትና አራት ቃላት ብቻ ባሉት ሐረግ ይረታል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ሆን ተብለው ለዚሁ ዓላማ የተቀነባበሩ፣ በፍጥነት ሲደጋገሙ ተናጋሪውን የሚያሳስቱ በርካታ ሐረጎች አሉ። በዚህ ጽሑፍ «ምላስ አሰናካይ ሐረጎች» እንላቸዋለን።

ጉዳዩ የቋንቋ ትምህርት ክፍል እንጂ የፊዚክስ ክፍል ጉዳይ የማይመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ድምፅ ሞገድ ነው፤ ምላስም የሚንቀሳቀስ አካል ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በአገራችን በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። መልሱን እያወቁ «ምላሴ ቢያዝብኝስ? ቢሳቅብኝስ?» በሚል ስጋት እጃቸውን ሳያወጡ የሚቀሩ ተማሪዎችን በየክፍሉ የማያውቅ መምህር የለም። እንግዲህ ምላስ የሚሰናከለው በምን ምክንያት እንደሆነ፣ የትኛው መሰናከል በልምምድ እንደሚወገድና የትኛው ደግሞ የሰው ልጅ ሁሉ ዕጣ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ከጨዋታ ያለፈ ቁም ነገር አለው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የሐረጎቹ ትርጉምና አመጣጥ

ከቀደምቶቹ ምላስ አሰናካዮች አንዱን የምናገኘው፣ የሳይንስ ተማሪዎችን ሊያስደንቅ በሚችል ሁኔታ፣ በአንድ የሒሳብ ሊቅ ሥራ ውስጥ ነው። የኦክስፎርዱ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ጆን ዋሊስ (1616–1703) ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበትን የኢንፊኒቲ ምልክት በ1655 ያስተዋወቀ ሰው ነው። ይኸው ሊቅ መጀመሪያ በ1653 የታተመና በላቲን የተጻፈ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፍ ነበረው። በዚሁ ሥራው ስለ አንድ ገመድ ገማጅ የሚናገሩ የፈረንሳይኛ ስንኞችን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አቅርቧል። ዓላማው ሰውን ማሳሳት አልነበረም፤ እንግሊዝኛም እንደ ፈረንሳይኛ ከአንድ ሥር ብዙ ቃላት ማፍለቅ እንደሚችል ለማሳየት ነበር። ይህን የአማርኛ ተናጋሪ በቀላሉ ይረዳዋል። እኛም «ገመደ» ከሚለው ግስ «ገመድ»፣ «ገማጅ»፣ «ግምድ»፣ «ተገማመደ» እያልን መቀጠል እንችላለን። ተመሳሳይ ድምፆች እየተከታተሉ ሲመጡ ግን የቋንቋው ሀብት ለምላስ ሸክም ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌ በዓለም እጅግ የታወቀው የፒተር ፓይፐር ሐረግ ነው። የለንደኑ አሳታሚ ጆን ሃሪስ በ1813 ለልጆች ባወጣው የአነባበብ መለማመጃ መጽሐፍ ውስጥ ለእንግሊዝኛ ፊደላት በቅደም ተከተል አንዳንድ ምላስ አሰናካይ ተሰጥቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት አሠራር አላቸው፤ በመጀመሪያ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዳደረገ ይነገራል፤ ቀጥሎ ነገሩ በጥርጣሬ ይጠየቃል፤ በመጨረሻም «እውነት ከሆነ ያ ነገር የት አለ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የፒተር ፓይፐር ሐረግ ስለ አንድ በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ በርበሬ ስለለቀመ ሰው ይናገራል። የለቀመው መጠን በእህል መስፈሪያ የሚለካ ሲሆን፣ መስፈሪያው ወደ 9 ሊትር ገደማ ይይዛል። ቀልዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በርበሬ ከተለቀመ በኋላ ይዘፈዘፋል እንጂ ተዘፍዝፎ ከተክሉ ላይ አይለቀምም። ትርጉሙ ሆን ተብሎ የተዛባው ለድምፁ ሲባል ነው።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ፒተር ፓይፐር የተባለው ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ ፒየር ፗቭር (1719–1786) ነው ይላሉ። ይህ ሰው በደች ነጋዴዎች ቁጥጥር ሥር የነበሩትን የቅርንፉድና የገውዝ ተክሎች በ1770 ገደማ ወደ ሞሪሸስ ደሴት ያስመጣ ሲሆን፣ የቤተሰብ ስሙም በፈረንሳይኛ «ቁንዶ በርበሬ» ማለት ነው። ግጥምጥሞሹ ያምራል፤ ሆኖም ከስም መመሳሰል ውጪ የቀረበ ማስረጃ የለም።

ሦስተኛው በባሕር ዳርቻ ዛጎል ስለምትሸጥ ሴት የሚናገረው ሐረግ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንግግር መለማመጃዎች ውስጥ ይሠራበት የነበረ ሲሆን፣ በ1908 ቴሪ ሱሊቫን ግጥሙን፣ ሃሪ ጊፎርድ ደግሞ ዜማውን በደረሱት ዘፈን አማካይነት በሰፊው ታወቀ። ይህችን ሴት ብዙዎች ከሜሪ አኒንግ (1799–1847) ጋር ያገናኟታል። ሜሪ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው ላይም ሪጂስ በተባለች የባሕር ዳር ከተማ የተወለደች የድሃ አናጢ ልጅ ነበረች። በ1811 ወንድሟ የአንድ ጥንታዊ የባሕር አውሬ የራስ ቅል ሲያገኝ፣ እርሷ በተከታዩ ዓመት የቀረውን አካል አገኘች፤ አውሬው ኢክቲዮሶር የተባለው ነው። በ1823 ሙሉ የፕሌሲዮሶር አጽም ከገደል ውስጥ አወጣች። ቅሪቶቹን ለጎብኚዎችና ለሊቃውንት እየሸጠች ትተዳደር ነበር። የለንደን የሥነ ምድር ማኅበር እስከ 1919 ድረስ ሴቶችን በአባልነት ስላልተቀበለ፣ በሕይወት ሳለች የማኅበሩ አባል ልትሆን አልቻለችም። በ2010 ግን የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ በሳይንስ ታሪክ ከፍተኛ አስተዋጽኦ ካደረጉ አሥር ብሪታንያውያን ሴቶች አንዷ አድርጎ ሰየማት። ሐረጉ በእርሷ ምክንያት መፈጠሩን የሚያረጋግጥ የዘመኑ ሰነድ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ታሪኳን ለማወቅ ምክንያት ከሆነ ሐረጉ በጎ ሥራ ሠርቷል።

አራተኛው፣ ዉድቻክ የተባለው የሰሜን አሜሪካ እንስሳ ምን ያህል እንጨት ሊወረውር እንደሚችል የሚጠይቀው ሐረግ ነው። ይህም በ1903 በኒው ዮርክ መድረክ በቀረበ የሙዚቃ ትርዒት የታወቀ ነው። የእንስሳው ስም በእንግሊዝኛ ጆሮ «እንጨት» እና «መወርወር» የሚሉ ሁለት ቃላትን ያሰማል፤ እውነተኛ ምንጩ ግን የአልጎንኪያን ሕዝቦች ቋንቋ ነው። እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች የሰሙትን ባዕድ ቃል ለራሳቸው ጆሮ በሚመች መንገድ ለወጡት። እንስሳው እንጨት አይወረውርም፤ ጉድጓድ ይቆፍራል።

እዚህ ላይ ለሳይንስ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ትምህርት አለ። በ1988 አንድ የኒው ዮርክ የዱር እንስሳት ባለሙያ እንስሳው ጉድጓዱን ሲቆፍር 35 ኪዩቢክ ጫማ አፈር እንደሚያወጣና ክብደቱም 700 ፓውንድ እንደሚሆን ገምተዋል። አኃዙ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። እስቲ እንፈትሸው። 35 ኪዩቢክ ጫማ ወደ 1 ሜትር ኩብ፣ 700 ፓውንድ ደግሞ ወደ 318 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህ ማለት የአፈሩ እፍጋት በሜትር ኩብ ወደ 320 ኪሎ ግራም ነው፤ የውኃ እፍጋት 1000 ስለሆነ አፈሩ ከውኃ በሦስት እጥፍ ይቀላል ማለት ነው! ተራ አፈር ግን በሜትር ኩብ ከ1000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ሁለቱ አኃዞች አብረው ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። በቀልድ መልክ የሚነገር አኃዝም ቢሆን ሳይመረመር አይታለፍ።

2. «ሰ» እና «ሸ» በፊዚክስ ዓይን

ወደ ድምፆቹ እንለፍ። የዛጎሉ ሐረግ ተናጋሪን የሚያሰናክለው «ሰ» እና «ሸ» እየተፈራረቁ ስለሚመጡበት ነው። ሁለቱም በቋንቋ ሊቃውንት አጠራር ሾላኪ ድምፆች ናቸው። ምላስ ወደ ላይኛው ድድ ሲጠጋ ጠባብ መተላለፊያ ይፈጠራል፤ አየር በዚያ በፍጥነት ሲሾልክ ፍሰቱ ይዘበራረቃል፤ ከፊት ጥርሶች ጋር ሲጋጭም የፉጨት ዓይነት ድምፅ ይሰማል።

ታዲያ ሁለቱን ምን ይለያቸዋል? መልሱ ከመተላለፊያው እስከ ከንፈር ባለው ትንሽ ክፍት ቦታ ርዝመት ላይ ነው። ይህ ቦታ በአንድ ጫፉ እንደተዘጋ ቱቦ ስለሚቆጠር፣ ዝቅተኛው የሬዞናንስ ድግግሞሹ የሚገኘው የድምፅን ፍጥነት ለቱቦው ርዝመት አራት እጥፍ በማካፈል ነው። በአፍ ውስጥ ባለው ሞቃት አየር የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 350 ሜትር ያህል ነው እንበል። «ሰ» ስንል ርዝመቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 350 ለ0.06 ሲካፈል 5800 ኸርዝ ገደማ ይሰጠናል። «ሸ» ስንል ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከምላስ በታች ተጨማሪ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፣ ከንፈርም በመጠኑ ይሞጠሙጣል። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ድግግሞሹ በግማሽ ወርዶ 2900 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። ይህ በእርግጥ ቀላል ሞዴል ነው፤ ሆኖም በመሣሪያ ከሚለካው ጋር በመጠኑ ይስማማል። አንባቢም ራሱ ሊሞክረው ይችላል፤ «ስስስስ» ብሎ ጀምሮ ትንፋሹን ሳያቋርጥ ወደ «ሽሽሽሽ» ቢሻገር ድምፁ ሲወፍር ይሰማዋል።

ከዚህ አንድ የዕለት ተዕለት ጥያቄ ይመለሳል። በስልክ ስም ስንነግር «ሰ» እና «ፈ» የሚምታቱት ለምንድን ነው? ነባሩ የስልክ ሥርዓት የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። የ«ሸ» ጉልበት በአብዛኛው በዚህ ክልል ውስጥ ሲሆን የ«ሰ» ግን አብዛኛው ከክልሉ በላይ ይቀራል። አድማጩ የሚሞላው ከቃሉ ትርጉም ተነሥቶ ነው።

በ«ሰ» እና በ«ሸ» መካከል ምላስ የሚጓዘው ርቀት በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። አነስተኛ ርቀት ነው፤ ነገር ግን አንድ ክፍለ ቃል የሚወስደው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ስሕተት የማይታገሥ ርቀት ነው።

3. ታዲያ ለምን እንሰናከላለን?

እዚህ ላይ አንድ ቁልፍ ነጥብ ልብ ልንል ይገባል። «ሰ» እና «ሸ» በአማርኛም በእንግሊዝኛም የታወቁ ድምፆች ናቸው። ለየብቻቸው የማንንም ምላስ አይዙም። ችግሩ ያለው በድምፆቹ ላይ ሳይሆን በቅደም ተከተላቸው ላይ ነው። ይህን ለማየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀችውን የሚከተለችውን ዐረፍተ ነገር አምስት ጊዜ በፍጥነት በሉ፦

«ሰባ ሸማኔ ሰባ ሸማ ሲሸጥ ሰባ ሸማች ሸሸ።»

አማርኛን በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የለመደ ሰው እንኳ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር «ሸባ ሸማኔ» ማለት መጀመሩ አይቀርም። በተቃራኒው «ሰባ ሰማኔ» ማለቱ ያነሰ ዕድል አለው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት ስቴፋኒ ሻተክ ሃፍናግልና ዴኒስ ክላት በ1979 ባቀረቡት የንግግር ስሕተቶች ጥናት፣ በእንግሊዝኛ «ሰ» ወደ «ሸ» የሚለወጥበት ጊዜ ከተገላቢጦሹ እንደሚበልጥ አመልክተዋል።

ለመሰናከል የመጀመሪያው ምክንያት የአንጎል ዕቅድ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ካርል ላሽሊ በ1951 እንዳስገነዘበው፣ ፈጣን እንቅስቃሴ ሰንሰለት አይደለም፤ ማለትም አንዱ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ቀጣዩ አይታዘዝም። ለዚያ ጊዜ የለም። አንጎል ብዙ ድምፆችን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ተራቸውን ያስጠብቃቸዋል። ተመሳሳይ ድምፆች በአንድነት ተራ ሲጠብቁ፣ የኋላው ቀድሞ ሊወጣ ወይም የፊተኛው ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። ይህ በጸጥታ ስናነብም ይታያል፤ በ1982 የታተሙ ጥናቶች እንዳሳዩት ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ እንኳ ምላስ አሰናካይ ዐረፍተ ነገሮችን ለማንበብ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ። ምላስ ሳይንቀሳቀስ ንባብ ከዘገየ፣ ጥፋቱ የምላስ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በ2013 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪም የሆኑት ኤድዋርድ ቻንግና ባልደረቦቻቸው «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህን ከአንጎል በኩል ያሳያል። ለሚጥል በሽታ ሕክምና ሲባል በአንጎላቸው ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ መመዝገቢያ የተደረገላቸው ሕሙማን ክፍለ ቃላትን ሲናገሩ የነርቭ ሴሎቻቸው እንቅስቃሴ ተመዘገበ። ድምፆቹ በአንጎል የተቧደኑት በሚያፈልቃቸው አካል መሠረት ሆኖ ተገኘ፦ የከንፈር ድምፆች በአንድ ወገን፣ የምላስ ጫፍ ድምፆች በሌላ፣ የምላስ ጀርባ ድምፆች በሦስተኛ ወገን። ስለዚህ በአንድ አካል የሚፈልቁ ድምፆች በአንጎልም ጎረቤታሞች ናቸው። ጎረቤታሞችን ማምታታት ደግሞ ቀላል ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የእንቅስቃሴ ሕግ ነው፤ የፊዚክስ ተማሪን ይበልጥ የሚማርከውም ይኸው ነው። በ1665 ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ በአንድ አግዳሚ እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውዝዋዜያቸውን እንደሚያቀናጁ አስተዋለ። በእንጨቱ በኩል የሚተላለፈው ደካማ ንዝረት ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል። የተሳሰሩ ተወዛዋዥ አካላት ወደተረጋጋ የጊዜ ግንኙነት ማዘንበላቸው ከዚያ ወዲህ በብዙ መስኮች የተረጋገጠ ነው።

የሰው አካልም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ሁለት ሌባ ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ፣ አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላውም ወደ ግራ እንዲሄድ፣ እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ አወዛውዟቸው። ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ። በሆነ ፍጥነት ላይ ጣቶቹ ሳታዟቸው ይለወጡና በአንድ ጊዜ ወደ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ መሄድ ይጀምራሉ። ይህን ሙከራ ያስተዋወቀው ስኮት ኬልሶ ሲሆን፣ የሒሳብ ሞዴሉ በ1985 የሌዘርን ንድፈ ሐሳብ ካበለጸጉት ፊዚሲስቶች አንዱ ከሆነው ከሄርማን ሃከን ጋር ቀርቧል። በዝቅተኛ ፍጥነት ሁለቱም ሥርዓቶች የተረጋጉ ናቸው፤ ከወሳኙ ፍጥነት በላይ ግን የሚቀረው አንዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምላስ እንመለስ። ሉዊስ ጎልድስቲን፣ ማሪያን ፑፕሊዬና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች «ቶፕ ኮፕ፣ ቶፕ ኮፕ» እያሉ በፍጥነት እንዲደጋግሙ አደረጉ። የመጀመሪያው ቃል «ጫፍ»፣ ሁለተኛው «ፖሊስ» ማለት ነው። በምላሳቸው ላይ ትንንሽ የሽቦ ጥቅሎች ተለጥፈው በተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ተቀመጡ። ጥቅሉ ሲንቀሳቀስ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ስለሚለወጥ፣ በፋራዳይ የኢንዳክሽን ሕግ መሠረት የምላስን ቦታ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት መከታተል ተቻለ።

በሐረጉ «ፕ» በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ይመጣል፤ «ቶ» እና «ኮ» ግን በየሁለት ቃሉ አንዴ ነው የሚመጡት። ስለዚህ ከንፈር ሁለቴ ሲንቀሳቀስ የምላስ ጫፍ አንዴ ይንቀሳቀሳል፤ ንጽጽሩ ሁለት ለአንድ ነው። ለተሳሰሩ ተወዛዋዦች ከዚህ ይልቅ አንድ ለአንድ ይበልጥ የተረጋጋ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር የታየውም ይኸው ነው፤ የምላስ ጫፍና የምላስ ጀርባ በእያንዳንዱ ቃል ላይ አብረው መነሣት ጀመሩ። ተናጋሪው «ት»ን በ«ክ» አልተካም፤ ሁለቱን ባንድነት አደረገ። ጆሮ ብዙ ጊዜ ይህን አይለይም፤ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው። ስሕተት ብለን የምንጠራው ነገር እንግዲህ የሥርዓት መፍረስ ሳይሆን ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ወደተረጋጋ ሥርዓት መሸጋገር ነው።

ሁለቱ ማብራሪያዎች የሚጣሉ አይደሉም። አንዱ አንጎል ድምፆችን እንዴት እንደሚያሰልፍ፣ ሌላው የተሰለፉት ወደ እንቅስቃሴ ሲለወጡ ምን እንደሚገጥማቸው ይነግረናል።

4. ከሳቅ ያለፈ ጥቅም

ምላስ አሰናካይ ሐረጎች በቤተ ሙከራና በሐኪም ቤትም ያገለግላሉ። የነርቭ ሐኪሞች የአንጎል ጉዳት የንግግር ጡንቻዎችን አውኮ እንደሆነ ለመመርመር ሕመምተኛው «ብሪቲሽ ኮንስቲትዩሽን» ማለትም «የብሪታንያ ሕገ መንግሥት» የሚለውን እንዲደግም ይጠይቃሉ። «ፓ ታ ካ» የሚሉትን ክፍለ ቃላት በፍጥነት ማስደጋገምም የተለመደ ነው። የመጀመሪያው የከንፈርን፣ ሁለተኛው የምላስ ጫፍን፣ ሦስተኛው የምላስ ጀርባን ብቃት በተራ ይፈትናል።

በ2013 ደግሞ ቀደም ሲል የጠቀስናቸው ስቴፋኒ ሻተክ ሃፍናግልና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበር ስብሰባ ላይ «ፓድ ኪድ ፖርድ ከርድ ፑልድ ኮድ» የሚል ሐረግ አቀረቡ። ቃላቱ ለየብቻ ትርጉም አላቸው፤ «ኪድ» ልጅ፣ «ከርድ» የረጋ ወተት፣ «ኮድ» የዓሣ ዓይነት ነው። በአንድነት ግን ምንም አይሉም። በሙከራው ከተሳተፉት መካከል ሐረጉን በፍጥነት አሥር ጊዜ መድገም አቅቷቸው ጭራሹን ዝም ያሉ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መሆናቸውን ልብ በሉ። እኔም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ በቤተ ሙከራ ባልደረቦቼ፣ የቋንቋው ባለቤቶች በሆኑት፣ መካከል ይህን መሰል ጨዋታ ሲደረግ ያለመሳሳት ያለፈ ሰው አላየሁም።

5. አነባበብ፦ ለአማርኛ ተናጋሪ

ከላይ ያየነው መሰናከል የሁሉም ሰው ነው። ከዚህ የተለየ፣ ድምፁ በራሳችን ቋንቋ ባለመኖሩ የሚመጣ ችግርም አለ። ይህኛው በልምምድ ይወገዳል። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

ሀ. የ«ፐ» ድምፅ። በአማርኛ «ፐ» በአብዛኛው የሚገኘው እንደ «ፖሊስ» እና «ፖስታ» ባሉ የውሰት ቃላት ሲሆን «ጰ» ደግሞ ፈንጂ ድምፅ ነው። የእንግሊዝኛው በቃል መነሻ ሲመጣ ትንፋሽ ያስከትላል፤ ከንፈር ከተከፈተ በኋላ የድምፅ አውታሮች መንዘር እስኪጀምሩ ከሰከንድ ስድስት መቶኛ ያህል ጊዜ ያልፋል። አንድ ቀጭን ወረቀት ከከንፈራችሁ ፊት ይዛችሁ «ፒን» በሉ፤ ወረቀቱ መወዛወዝ አለበት። «ቢን» ስትሉ ግን ሊወዛወዝ አይገባም። «ስፒን» በሚለው ቃል እንደታየው «ፐ» «ስ»ን ተከትሎ ሲመጣም ትንፋሹ ይጠፋል። የፒተር ፓይፐር ሐረግ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ለ. ምላስ በጥርሶች መካከል ሆኖ የሚፈልቀው ሾላኪ። «ማሰብ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻ የሚሰማው ይህ ድምፅ በአማርኛ ስለሌለ ብዙዎቻችን በ«ሰ» ወይም በ«ተ» እንተካዋለን። በ«ሰ» ጊዜ አየሩ በጠባብ ቦይ ስለሚያልፍ ድምፁ ስል ነው፤ በዚህኛው ግን መተላለፊያው ሰፊና ጠፍጣፋ ስለሆነ ድምፁ ደካማ ነው። የምላስን ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ሥር ብቅ አድርጎ በዝግታ መተንፈስ ይበቃል። በመስታወት ፊት መለማመድ ይረዳል።

ሐ. የተነባቢዎች መደራረብ። የጊነስ የክብረ ወሰን መጽሐፍ በአንድ ወቅት በእንግሊዝኛ ከባዱ ብሎ የጠቀሰው ሐረግ «የስድስተኛው በሽተኛ ሼክ ስድስተኛ በግ ታሟል» የሚል ትርጉም ያለው ነው። «ስድስተኛ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሦስት ተከታታይ ተነባቢዎች ይጨርሳል። አማርኛ እንዲህ ያለ ድርድር ስለማይወድ፣ በመካከል አጭር የሳድስ አናባቢ እናስገባለን። «ስፖርት» ስንል በ«ስ» እና በ«ፖ» መካከል የምናሰማት ትንሽ ድምፅ ለዚህ ምሳሌ ናት። መፍትሔው ከመጨረሻው መጀመር ነው፤ በመጀመሪያ የመጨረሻውን ተነባቢ ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለቱን፣ ከዚያም ሦስቱን መለማመድ።

መ. የአናባቢዎች ልዩነት። «መርከብ» እና «በግ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ሲጻፉ ሁለቱም «ሺፕ» ይሆናሉ። ፊደላችን ልዩነቱን አይይዝም። የመጀመሪያው አናባቢ አጭርና የላላ፣ የሁለተኛው ረጅምና የጠበቀ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ፊደል ጽፎ እንግሊዝኛን መሸምደድ ከተወሰነ ደረጃ በኋላ እንቅፋት ይሆናል።

በአንጻሩ የሚቀናንም አለ። «ሬድ ሎሪ የሎ ሎሪ» ማለትም «ቀይ የጭነት መኪና ቢጫ የጭነት መኪና» የሚለው ሐረግ «ረ» እና «ለ»ን ለማይለየው ለጃፓንኛ ተናጋሪ እጥፍ ድርብ ፈተና ነው። ለእኛ የሚቀረው የእንግሊዝኛው «ረ» ምላስን ድድ እንደማያስነካ ማወቅ ብቻ ነው።

አለማመዱን በተመለከተ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ከጣቶቹ ሙከራ ጋር ይስማማል። ከወሳኙ ፍጥነት በታች ሁለቱም ሥርዓቶች የተረጋጉ ስለሆኑ፣ ልምምድ መጀመር ያለበት ከዚያ በታች ነው። ከዚያም ሳይሳሳቱ የሚችሉትን ፍጥነት ጥቂት በጥቂት ማሳደግ ነው። ሁለተኛ፣ ሐረጉን እንደ ከበሮ ምት በእኩል ርቀት አትምቱት፤ ለትርጉሙ በሚስማማ መንገድ ከፋፍላችሁ አንብቡት። ከላይ የተጠቀሰው የ2013 ጥናት እንዳመለከተው፣ ሁለት ድምፆችን በአንድነት የማሰማት ስሕተት ይበልጥ የሚታየው ቃላት በዝርዝር መልክ በእኩል ምት ሲደጋገሙ እንጂ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲነበቡ አይደለም።

ለማረጋገጥ የሚፈልግ አንባቢ ድምፁን በስልኩ ቀርጾ፣ በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በተዘጋጀው «ፕራት» በተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሊመረምረው ይችላል። የ«ሰ» ጉልበት ከላይ፣ የ«ሸ» ከታች ሆኖ በሥዕል ይታያል። ሰባው ሸማኔ በስንተኛው ዙር «ሸባ» እንደሆነም በዓይን ማየት ይቻላል።

መደምደሚያ

ምላስ አሰናካይ ሐረጎች ከሒሳብ ሊቅ ጠረጴዛ፣ ከልጆች መጽሐፍና ከዘፈን መድረክ ተነሥተው ዛሬ ስለ አንጎልና ስለ እንቅስቃሴ ሕግጋት የምንማርባቸው መሣሪያዎች ሆነዋል። ካየናቸው ሁለት ዓይነት መሰናከሎች አንደኛው ከማናውቀው ድምፅ ይመጣል፤ ወረቀት፣ መስታወትና ትዕግሥት ያስወግዱታል። ሁለተኛው ከፍጥነትና ከቅደም ተከተል ይመጣል፤ ከእርሱ ነጻ የሆነ ሰው የለም፤ የኦክስፎርድ ተማሪም የአዲስ አበባ ተማሪም በእኩል ይወድቁበታል። ሁለቱም ቢሆኑ ስለ ተናጋሪው የማሰብ ችሎታ የሚነግሩን ነገር የለም። ስለዚህ በክፍል ውስጥ አንድ ጓደኛችሁ መልስ እየሰጠ ሳለ ምላሱ ቢያዝ፣ የተያዘው እንደ ሃይገንስ ሰዓቶች በአንድ የተፈጥሮ ሕግ መሆኑን አስታውሳችሁ ዐረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ በትዕግሥት አድምጡት። መልሱን የሚያውቅ ተማሪም እጁን ያውጣ።